ጥቁሯ አይጥ የመለሰችው ጥያቄ

ለራሰ በራነት ታስቦ የሚቀመም ቅባት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው በአይጥ ጀርባ ላይ ነው። ሲ57 ብላክ 6 የምትባለው ጥቁር አይጥ ሰባት ሳምንት ገደማ ሲሞላት የጀርባዋ ፀጉር በሙሉ ዕረፍት ላይ ስለሚሆን፣ ሲሸለት ከሥር የሚታየው ቆዳ ሮዝ ነው። ከዚያ አንዱ ምድብ መድኃኒቱን፣ ሌላው ምድብ መድኃኒት ያልገባበትን ያንኑ ፈሳሽ ይቀባል። ፀጉሩ ብቅ ከማለቱ በፊት ቆዳው ግራጫ ይሆናል፤ ቀጥሎ ይጠቁራል። በዚህች አይጥ ጀርባ ላይ ቀለም የሚመረተው የፀጉሩ ሥር ሲነቃ ብቻ ነውና፣ ተመራማሪው ቆዳውን አይቶ ውስጡን ያውቃል። ጎን ለጎን የተነሱ አንዲት ሮዝና አንዲት ጥቁር ጀርባ ከብዙ ሰንጠረዥ ይልቅ ያሳምናሉ። የሥራችን ትልቁ ፈተናም እዚያው ላይ ነው፤ አይጧ የመለሰችው ጥያቄ ሌላ ነው፣ ራሰ በራው ሰው የሚጠይቀው ሌላ።

ጄምስ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1942 እንዳሳየው፣ ለአቅመ አዳም ሳይደርሱ የተኮላሹ ወንዶች መላጣ አይሆኑም፤ ቴስቶስቴሮን ሲሰጣቸው ግን መላጣነት በዘር ያለባቸው ሰዎች ፀጉር መሸሽ ይጀምራል። ዛሬ ዋናው ተጠያቂ ከቴስቶስቴሮን የሚሠራው ዲኤችቲ መሆኑን እናውቃለን። ይህ ሆርሞን የአናትን ፀጉር ሥር ባንዴ አይገድለውም፤ በየዙሩ ያኮሰምነዋል። ዓመታት ይፈጅ የነበረው የዕድገት ጊዜ ወደ ወራት ያጥራል፣ ወፍራሙ ፀጉር እንደ ሕፃን ፀጉር ይሳሳል። የአይጧ ሥር ግን ጤነኛ ነው፤ ተኝቷል እንጂ አልኮሰመነም፣ ማንም ባይነካውም በጊዜው ይነቃል። ስለዚህ የጠቆረው ቆዳ የሚመሰክረው ቅባቱ የተኛውን ቀድሞ መቀስቀሱን ነው። የኮሰመነውን መልሶ ያደልባል ወይ ለሚለው አይጧ አንድም ቃል የላትም።

የሰው ፀጉር ሥር እያለ አይጥ ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። መልካም ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ማይክል ፊልፖትና ባልደረቦቹ የሰውን ፀጉር ሥር ከነሕይወቱ ከቆዳ አውጥተው በቤተ ሙከራ ሳህን ማሳደግ እንደሚቻል አሳይተዋል። በማይክሮስኮፕ ሥር ቆዳው ከስቡ ጋር በሚገናኝበት መስመር ይቆረጣል፤ ከስቡ ውስጥ እያንዳንዱ ሥር በቀጭን ወረንጦ ቀስ ተብሎ ይሳባል፣ የሥሩ ታችኛ እብጠት ትንሽ ከተጨፈለቀ ያ ሥር አለቀለት። የተረፈው በቀን 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ራስ ላይ እንደሚያድገው ያድጋል። ይህን ዘዴ ከአይጧ አብልጬ አከብረዋለሁ። ነገር ግን የሚቆየው ቀናት ነው፣ መመለጥ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ለሙከራ የሚገኘውም ሥር አብዛኛውን ጊዜ ከማጅራት አካባቢ ነው፤ መላጣነት የማይደፍረው ያው ቦታ።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሚኖክሲዲል ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ለደም ግፊት በክኒን መልክ የተፈቀደ መድኃኒት ነበር፤ የሚወስዱት ሰዎች ሰውነት ላይ ፀጉር በመብቀሉ ወደ ራስ ቅባትነት ተዛውሮ በ1988 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። እንግዲህ ከሁሉ የታወቀው ቅባት ያለ አይጥና ያለ ሳህን፣ በአጋጣሚ ተገኝቷል ማለት ነው፤ ቤተ ሙከራው ምን ሠራ? መልሱ እዚሁ ሚኖክሲዲል ውስጥ አለ። መድኃኒቱ ራሱ ሥራ ፈት ነው፤ የፀጉር ሥር ውስጥ ሰልፎትራንስፈሬዝ የተባለው ኢንዛይም ወደ ሰልፌትነት ሲለውጠው ነው የሚነቃው። ይህን ያወቅነው ከአይጥ ጢም ሥሮች በሳህን ላይ ነው። ኢንዛይሙ በራሳቸው ቆዳ የሚያንስባቸው ሰዎች ቅባቱ ለምን እንደማይረዳቸው የተገለጠው በዚህ መንገድ ነው። አይጧም ሳህኑም ለተጠየቁት ጥያቄ በትክክል መልሰዋል።

ለሌላ ጥያቄ ሲሠሩባቸው የሚሆነውን ፕሮስታግላንዲን ዲ2 የተባለው የሰውነት ንጥረ ነገር አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ2012 በመላጣ የራስ ቆዳ ላይ መብዛቱ ተገኘ፤ አይጥ ላይ ሲቀባ ፀጉር አዘገየ፣ በሳህን ያለውን የሰው ፀጉርም ገታ። የዚህን ንጥረ ነገር ተቀባይ የሚዘጋው ሴቲፒፕራንት የተባለ መድኃኒት ግን በክኒን መልክ በወንዶች ላይ ሲሞከር ከባዶው ክኒን አልተሻለም። ቅባት ቢሆን ኖሮ ይሠራ ነበር የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን ማስረጃው የነገረን ፕሮስታግላንዲን ዲ2 የፀጉርን ዕድገት ማስቆም እንደሚችል ነው። እሱን ማንሳት የኮሰመነውን ሥር ይመልሳል የሚለውን የጨመርነው እኛ ነን።

ለዚህ ነው የአይጥ ፎቶ ያለበት እያንዳንዱ ጽሑፍ ርዕሱ ላይ «የተኛ ሥር ቀሰቀሰ» ብሎ እንዲጽፍ የምሻው፤ «ፀጉር አበቀለ» የሚለው ቃል በመድኃኒት ቤት በር ላይ ተስፋ አድርጎ የቆመ ሰው ጆሮ ይደርሳልና። የሰውየው ጥያቄ የሚመለሰው በራሱ አናት ላይ ነው። ሳሳ ካለው ቦታ ጠርዝ አንዲት የንቅሳት ነጥብ ትደረጋለች፤ በዙሪያዋ ያለው አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ፀጉር አጥሮ ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ከ48 ሳምንት ቅባት በኋላ ያችው ነጥብ ተፈልጋ ፎቶው ይደገማል፤ ፀጉሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ውፍረቱ ይለካል። የሚቆጥረው ሰው የትኛው ፎቶ ከየትኛው ጠርሙስ እንደመጣ አያውቅም።