አባ ባሕርይ ዘጋሞና ሁለቱ የሩቅ አገር ጸሐፍት

ጸሐፊ ወዳጁን ሲጽፍ ብዕሩ ይቀልለዋል፤ ጠላቱን ሲጽፍ ግን እጁም ልቡም ይከብደዋል። ስለዚህ ንጉሡን ያመሰገነ፥ የወገኑንም ድል ያተተ ጸሐፊ በየአገሩ ሞልቶ ሳለ፥ ወገኑን ድል የነሣውን ጠላት ነገዱን ቈጥሮ፥ ሥርዐቱን ለይቶ፥ «ስለ ምን ድል ተነሣን?» ብሎ የጠየቀ በየዘመኑ ጥቂት ነው። ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ ከጋሞ ምድር የወጣው አባ ባሕርይ ነው። ስሙ በካህናቱም በተማሩትም ዘንድ ይጠራል፤ መጽሐፉ ግን ይበልጡን ለክርክር ይጠቀሳል እንጂ እንደ ድርሰት አይመዘንም። እኛም ዛሬ ከሁለት የሩቅ አገር ሊቃውንት ጋራ አስተያይተን ልንመዝነው አስበናል፤ አንዱ የጥንቱ የቻይና ሰው ሲማ ቺየን፥ ሁለተኛው የእስላም ሥልጣኔ ያፈራው ኢብን ኸልዱን ነው።

አባ ባሕርይ መጽሐፉን በግዕዝ የጻፈው በዐፄ ሠርፀ ድንግል መንግሥት በ1593 ዓመት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ነገሩም በዚያ መቶ ዓመት ከደቡብ ተነሥቶ ብዙ አገር ስለ ያዘው ስለ ኦሮሞ ሕዝብ ነው። የመጽሐፉ አርእስት ሕዝቡን የሚጠራበት ስም ዛሬ የንቀት ስም ሆኖ ስለ ተተወ እኛ አንደግመውም። ደራሲው ወሬውን ከሩቅ ሰምቶ አልጻፈም፤ አገሩ ጋሞ ራሷ በዚያ ዘመቻ ተወርራለችና። በጋሞ ደጋ የምትገኘው ጥንታዊቱ ብርብር ማርያም፥ ክርስትናና የግዕዝ መጽሐፍ ወደዚያ ምድር ከብዙ ዘመን በፊት እንደ ገቡ ምስክር ናት። ድርሰቱ በ1893 በበርሊን ታተመ፤ በ2002 ደግሞ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የአባ ባሕርይን ድርሰቶች ሰብስበው ለአማርኛ አንባቢ አቅርበዋል።

ባሕርይ ገና በመቅድሙ ከሳሽ እንደሚነሣበት ዐውቆ መልስ ያዘጋጃል። የክፉዎችን ዜና እንደ ደጎች ዜና መጻፍ ነውር ነው ለሚለው ሰው ሁለት ምስክር ይጠራለታል፤ አንደኛው በሃይማኖት ተቃራኒ የሆኑት የእስላም ነገሥታት ታሪካቸው ተጽፎ መገኘቱ፥ ሁለተኛው ጊዮርጊስ ወልደ አሚድ የፋርስን ነገሥታት ታሪክ መጻፉ ነው። አንባቢ በዚህ ስፍራ ጥቂት ሊቆም ይገባዋል። ጊዮርጊስ ወልደ አሚድ በዐረቦች ዘንድ አል መኪን የሚባለው፥ በ1273 ያረፈው የግብጽ ክርስቲያን ነው፤ የዓለሙን ታሪክ በዐረብኛ ጻፈ፥ መጽሐፉም ወደ ግዕዝ ተመለሰ። አል መኪን የእስላምን ነገሥታት ታሪክ ሲጽፍ መሠረት ያደረገው በ923 በባግዳድ የሞተውን ታላቁን የእስላም ታሪክ ጸሐፊ ጠበሪን ነው። እንግዲህ በባግዳድ እስላሙ የጻፈውን ግብጻዊው ክርስቲያን አሳጥሮ ያዘው፤ ግብጻዊው የጻፈውን ኢትዮጵያዊው ተርጓሚ በግዕዝ አስቀመጠው፤ የጋሞውም መነኵሴ ለራሱ ሥራ ጠበቃ አድርጎ ጠራው። የአል መኪን መጽሐፍ በአውሮፓ በላይደን ከተማ የታተመው በ1625 ነው፤ ባሕርይ ስሙን ከጠራ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው። የቀድሞ ሊቃውንታችን ከውጭው ዓለም ዕውቀት ተለይተው በዋሻ ይኖሩ ነበር የሚል ሰው ቢኖር፥ ይህ አንድ መቅድም ይመልስለታል።

ወደ ድርሰቱ እንግባ። ባሕርይ ስለ ኦሮሞ ሲጽፍ ትልቁ ብልሃቱ የዘመን አቈጣጠሩ ነው። በነገሥታቱ ዘመን ብቻ ቢቈጥር ይችል ነበር፤ ነገር ግን የሌላውን ሕዝብ ሥራ በሌላው ሕዝብ ሰዓት ለካው። በገዳ ሥርዐት በየስምንቱ ዓመት ሹመቱን የሚረከበውን ሉባ ከመልባ ጀምሮ በየስሙ እየጠራ፥ በማን ሉባ የትኛው አገር እንደ ተያዘ በተራ ያስረዳል። ነገዶቹንም ከቦረንና ከበርቱማ አንሥቶ እንደ ትውልድ ሐረግ ይዘረዝራል። ይህን ያህል ያወቀ ሰው ጠይቆና ሰምቶ እንጂ ተቈጥቶ ብቻ አላወቀውም። ስለዚህም የኦሮሞን ታሪክ የሚመረምሩ ሊቃውንት ሁሉ፥ የሚወቅሱትም ጭምር፥ እስከ ዛሬ ከእርሱ ደጅ ሳይደርሱ አያልፉም።

በዚህ ነገር የቀደመው የቻይናው ሲማ ቺየን ነው። ሲማ ቺየን ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛውና በአንደኛው መቶ ዓመት በሐን ነገሥታት ቤት የኖረ፥ አባቱ የጀመረውን ሥራ ተቀብሎ 130 ክፍል ያለው የታሪክ መዝገብ የጻፈ ሰው ነው። በዘመኑ ቻይናን ከሰሜን የሚያስጨንቋት ሺዮንግኑ የሚባሉ ፈረሰኞች ዘላኖች ነበሩ። በ99 ዓመተ ዓለም ሊ ሊንግ የተባለ የጦር አለቃ ተከብቦ ለእነርሱ እጁን ቢሰጥ፥ ሲማ ቺየን በንጉሡ ፊት ስለ ሰውየው ተናገረ፤ ስለዚህም ቃሉ ተሰልቦ ተቀጣ። እንዲህ ያለ መከራ የደረሰበት ሰው ስለ ሺዮንግኑ ሲጽፍ መራራ ቃል ይጽፋል ብለን እንጠብቃለን። እርሱ ግን ለጠላት ወገን ጠበቃ አቆመለት። ከቻይና ከድቶ ወደ ሺዮንግኑ የገባ አንድ ጃንደረባ ከቻይና መልእክተኛ ጋራ ሲከራከር ይጽፋል፤ መልእክተኛው ሽማግሌን አያከብሩም ብሎ ሲነቅፋቸው፥ ጃንደረባው በጦር የሚኖር ሕዝብ ጥሩውን ምግብ ለሚዋጋው ጐልማሳ የሚሰጠው ሽማግሌው በሰላም እንዲያድር ነው ሲል ይመልስለታል። አንባቢም ሁለቱን ሰምቶ እንዲፈርድ ይተወዋል።

የዚያው ክፍል መጨረሻ ደግሞ ለቅኔ ተማሪ የሚጥም ነው። ሲማ ቺየን የቻይናን ጠቢብ ኮንፊሽየስን ያነሣና፥ እርሱ ታሪክ ሲጽፍ ስለ ጥንቱ ዘመን በግልጽ፥ ስለ ራሱ ዘመን ግን በስውር እንደ ተናገረ ያስታውሳል፤ ወዲያውም ጠላትን ሳያውቁ ለጥቅማቸው ሲሉ ንጉሡን የሚያማክሩትን በዘወርዋራ ይነካል። ይህ በእኛ ቤት ሰምና ወርቅ የምንለው ነው። ሰሙ የሺዮንግኑ ዜና ነው፤ ወርቁ የሐን ቤተ መንግሥት ጕድለት ነው።

የባሕርይም መጽሐፍ ወርቁ በመጨረሻው ይገኛል። የነገዱና የዘመቻው ነገር ካለቀ በኋላ ደራሲው ይጠይቃል፤ እኛ ብዙዎች ስንሆን፥ የጦር መሣሪያም ሳለን፥ ስለ ምን ድል ተነሣን? አንዳንዶች ስለ ኀጢአታችን ነው ይላሉ፤ ሌሎችም ሕዝባችን በዐሥር ወገን ስለ ተከፈለና ዘጠኙ ወደ ጦርነት ስለማይቀርብ ነው ይላሉ። ባሕርይ የመጀመሪያውን ቃል አልሻረውም፤ ነገር ግን በእርሱ አልተደገፈም። «ኀጢአታችን ነው» ማለት እውነት ሆኖ ሳለ የስንፍና መሸሸጊያም ሊሆን እንደሚችል የተረዳ ይመስላል። ስለዚህ ወገኖቹን አንድ በአንድ ቈጠረ፤ ባለ ርስቱን ሽማግሌ፥ ገበሬውን፥ ነጋዴውን፥ ባለ እጁን፥ አዝማሪውን እየጠራ አለፈ፤ ጋሻና ጦር የያዘው ዐሥረኛው ብቻ ሆነ። በኦሮሞ ዘንድ ግን ከትንሽ እስከ ትልቅ ሁሉ ጦርን እንደሚማር አመለከተ።

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው የቍጥሩ መነሻ ነው። የመጀመሪያው ወገን መነኵሴ ነው፤ ሁለተኛውም ደብተራ ነው። በትምህርት ላይ ሳሉ በልጅነታቸው ወደ ምንኵስና የተሳቡትን ሲያነሣ፥ ይህን መጽሐፍ የጻፈው ራሱ ከነርሱ አንዱ እንደ ሆነ ይናገራል። ደብተራውንም በማኅሌት እያጨበጨበ ጦርነትን መፍራቱን እንደማያፍርበት አድርጎ ይሥለዋል። እኛ በዚሁ ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ስናነብ ልባችን መነካቱ አይቀርም፤ ቢሆንም ጸሐፊውን የሚያስመሰግነው ይኸው ነው። ጥፋተኛውን ከውጭ ሲፈልግ ኖሮ በመጨረሻ መዝገቡን በራሱና በራሱ ወገን ስም ከፈተው። እኔ እንደማየው የድርሰቱ ክብር በዚህ ላይ ያርፋል፤ ስለ ሌላው የተጻፈው ዜና ሁሉ ወደዚህ ቈጠራ የሚያደርስ መንገድ ነው።

ሦስተኛው ምስክራችን ኢብን ኸልዱን በ1332 በቱኒስ ተወልዶ በ1406 በካይሮ የሞተ፥ በብዙ ነገሥታት ቤት ያገለገለና የታሰረ ሰው ነው። በ1377 በአልጀሪያ ምድር በአንድ አምባ ተገልሎ ሳለ የጻፈው መጽሐፍ «ሙቀዲማ» ይባላል፤ ቃሉ ከእኛው «መቅድም» ጋራ አንድ ዘር ነው። የእርሱም ጥያቄ የባሕርይ ጥያቄ ነው፤ የከተማው ባለጠጋ በበረኻው ድኻ ስለ ምን ይሸነፋል? መልሱ «ዐሰቢያ» በምትባል ቃል ተጠቅልሏል፤ ይህችም አንዱ ስለ ሌላው የሚሞትባት የወገን መያያዝ ናት። በረኻው መያያዝን ያጠነክራል፤ ከተማው በምቾት ያላላዋል፤ የከተማም ሰው ጥበቃውን ለቅጥረኛ ትቶ በቅጥሩ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ የአንድ መንግሥት ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ትውልድ አያልፍም ይላል።

እነዚህን ሦስቱን ካስተያየን ዘንድ የባሕርይን ጕድለት ሳንሸፍን እንናገር። የመጀመሪያው ጕድለት አፍ ነው። ሲማ ቺየን ለጠላቱ አፍ ሰጠው፤ በባሕርይ መጽሐፍ ግን የኦሮሞ ሰው ይሠራል፥ ይዘምታል እንጂ ስለ ራሱ አይናገርም። መጽሐፉ የሚከፈትበትም ቃል ሕዝቡን በጭካኔ ብቻ የሚያስተዋውቅ ነው፤ ኋላ ያሳየን የገዳ ሥርዐትና ተራ ጠባቂነት ግን ያንን የመክፈቻ ቃል ያፈርሰዋል። ሥርዐት የሌለው ጨካኝ በየስምንት ዓመቱ ሹመቱን በሰላም አይረካከብምና። እንዲህ ደራሲው ከራሱ መቅድም የበለጠ ዐወቀ ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ጕድለት በቍጥሩ ነው። ባሕርይ የቈጠረው ጦር የጨበጠውን እጅ ብቻ ነው። ነገር ግን ጦሩን የሠራው አንጥረኛ፥ ስንቁን ያበቀለው ገበሬ ከዘጠኙ ሥራ ፈቶች መካከል ሊቈጠር አይገባውም። በዚህ ስፍራ ኢብን ኸልዱን ይበልጠዋል፤ እርሱ ነገሩን ከብዛት ወደ መያያዝ አሻግሮታልና። ዐሥሩ ወገን ዐሥር መሆኑ አገር አላጠፋም፤ አንዱ ስለ ሌላው አለማሰቡ ነው ያጠፋው። በአንጻሩ ባሕርይ ኢብን ኸልዱንን የሚበልጥበት አለ። የቱኒሱ ሊቅ መውደቅን እንደ ፀሓይ መጥለቅ የማይቀር ሕግ አደረገው፤ የጋሞው መነኵሴ ግን የወገንን ስም ዘርዝሮ ስለ ጻፈ፥ ስሙ የተጠራበት ሰው ሊያስብና ሊታረም ይችላል። ተግሣጽ የሚቻለው ስም ሲጠራ ነው።

ይህ ነገር የመጽሐፍ ቤት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን በጋሞ ምድር የሆነውን እናስታውስ። በ2018 በመስከረም ወር በአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ ሰዎች ተገድለው፥ ከነርሱም መካከል የጋሞ ተወላጆች እንዳሉ በተሰማ ጊዜ፥ በአርባ ምንጭ ወጣቶች በኦሮሞ ወገንና ንብረት ላይ ሊበቀሉ በቍጣ ተነሡ። የጋሞ ሽማግሎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። በጋሞ ሥርዐት በሽማግሌ እጅ ያለ ሣር የሰላም ልመና ነው፤ ያንን አልፎ መሄድ ነውር ነውና ወጣቶቹ ተመለሱ። ባሕርይ በዚያ ቀን ቢኖርና ቢቈጥር፥ እነዚያን ሽማግሎች ጋሻና ጦር ከሌላቸው ከዘጠኙ ወገን ይጽፋቸው ነበር። ከተማይቱን የጠበቋት ግን እነርሱ ናቸው። ኢብን ኸልዱን ቢያይ ደግሞ መያያዝ በበረኻ ብቻ እንደማይገኝ፥ ሽማግሎች በዱቡሻ ተቀምጠው በሚመክሩበት ደጋም እንደሚበቅል ይጽፍ ነበር።

የባሕርይን መጽሐፍ ዛሬ በእጁ የሚይዝ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ የመክፈቻውን ቃል ነጥቆ ለጠብ ማገዶ ማድረግ ነው፤ ይህን የሚያደርግ ሰው መጽሐፉን አላነበበም፥ ሰሙን ብቻ ነክሶ ሄደ። ሁለተኛው እስከ መጨረሻው ታግሦ፥ ደራሲው ራሱን ከቈጠረበት ስፍራ ደርሶ፥ «እኔስ ከየትኛው ወገን ነኝ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ስለዚህ ይህን ድርሰት ለተማሪ የሚያነብ መምህር ከዐሥሩ ወገን ክፍል እንዲጀምር፥ ከዚያም ወደ ሉባዎቹ ዘመን እንዲመለስ፥ መቅድሙን በመጨረሻ እንዲያነብ እንመክራለን። በዚህ ተራ ያነበበ ተማሪ የመቅድሙን መራራ ቃል ሲያገኝ፥ የሚመዝንበትን ሚዛን ከዚያው ከባሕርይ እጅ አስቀድሞ ተቀብሏልና አይሰናከልበትም።