የማይመለከተውን ደጅ የማያንኳኳ
ይህ ምስጋና ከበግ ደም ለሚገኝ አንድ አንቲቦዲ ነው። አድኖ የሚይዘው ዲጎክሲጀኒንን ብቻ ነው። ይህ ሞለኪውል የሚገኘው ዲጂታሊስ ከተባለው አበባ ነው፤ በእንስሳ አካል ውስጥ ስለሌለ አንቲቦዲው የማይመለከተውን ደጅ አያንኳኳም።

ተመራማሪው የሚፈልገውን የዘረመል መልእክት የሚያገኝ የአርኤንኤ ክር በዲጎክሲጀኒን ምልክት ያደርግበትና በስሱ በተቆረጠ ህብረ ሕዋስ ላይ ያሳርፈዋል። አንቲቦዲው ምልክቱን ይይዛል፤ የተሸከመው ኢንዛይም የተጨመረለትን ውህድ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለውጠዋል። ቀለሙ እዚያው ሕዋስ ላይ ይረጋል እንጂ አይፈስም፤ እኔን የሚማርከኝ ይህ ነው።

ተመራማሪዎቹ ታውትስና ፋይፍለ እ.ኤ.አ. በ1989 በዲጎክሲጀኒን የፍራፍሬ ዝንብ ሽል ላይ ዘረመል የሚሠራበትን ቦታ አሳዩ። ያለዚህ ብልሃት፣ ጨረር አመንጪ ምልክት ተጠቅሞ ምስሉ እስኪወጣ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት መጠበቅ ነበር።