የግዮን ገባር፦ ሃያ ሁለቱ ፍጥረታትና የሽንፋ ወንዝ ሰዎች

ሽንፋ ወንዝ ክረምት ላይ ደለሉን እየገፋ ወደ ሱዳን ይወርዳል። ድንበሩን ሲሻገር ስሙ ረሃድ ይሆናል፤ መጨረሻው ዓባይ ነው። በጋ ላይ ግን ፍሰቱ ይቆረጥና አሸዋው መካከል እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ይቀራል፤ ውሃው በጎደለ ቁጥር ዓሣው ወደዚያው ይታጎራል። መተርጉማን ዓባይን ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ከሚጠራቸው ከአራቱ የገነት ወንዞች አንዱ፣ ግዮን ነው ይላሉ። እንግዲህ የመተማ ቆላ ሽንፋ የግዮን ገባር መሆኑ ነው።

በዚህ ወንዝ ዳር የተቆፈረው ሽንፋ-መተማ 1 የተባለ የጥንት ሰዎች ሰፈር ጥናት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጥቷል። ቡድኑን የመሩት የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማን ናቸው። ከአፈሩ ንብርብር ከሰው ፀጉር የቀጠኑ የእሳተ ገሞራ መስታወት ቅንጣቶች ተለቅመው ሲመረመሩ፣ ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ በሱማትራ ደሴት ከፈነዳው ከቶባ የመጡ ሆነው ተገኙ። ከቅንጣቶቹ በታችም በላይም የሰው እጅ አለ፤ የተጠረበ ድንጋይ፣ ቢላ የነካው አጥንት፣ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት፣ የዓሣ እሾህ። የእንቁላሉ ቅርፊት ኦክስጅን ከፍንዳታው በኋላ አገሩ ይበልጥ እንደ ደረቀ ይመሰክራል። በዚያው ልክ ከሰዎቹ ምግብ የዓሣው ድርሻ ከእጥፍ በላይ ያድጋል። በጋው ሲረዝምባቸው ከኩሬ ኩሬ እየተከተሉ ዓሣ እየያዙ ክፉውን ዘመን አለፉት። ከተጠረቡት ድንጋዮች ትንንሾቹ ባለ ሦስት ማዕዘኖች የፍላጻ ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ አጥኚዎቹ።

ከቁፋሮው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ቤት ስንሻገር፣ መጽሐፈ ኩፋሌና አክሲማሮስ የተባሉት መጻሕፍት መሠረት የሆኑለት የሥነ ፍጥረት ትምህርት የስድስቱን ቀን ሥራ ሃያ ሁለት ብሎ ይቈጥራል፤ እሑድ ስምንት፣ ሰኞ አንድ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ሦስት ሦስት፣ ዓርብ አራት። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የማክሰኞው አከፋፈል ነው። ዕፅዋት በእጅ የሚለቀሙ፣ በማጭድ የሚታጨዱና በምሳር የሚቆረጡ ተብለው ይለያሉ። መለያው አበባቸው ወይም ሥራቸው ሳይሆን የሰው እጅ እንዴት እንደሚያገኛቸው ነው። መተማ ላይ ቆሞ ይህን ለሚያስብ ሰው ትምህርቱ ዓይኑ ፊት ይመጣል፤ ሰሊጡ ይታጨዳል፣ የዕጣኑ ዛፍ ደግሞ በበጋ ልጡ በስሱ እየተላጠ፣ ወዙ ሲደርቅ እየተለቀመ ደጋ ላይ ቅዳሴ ይገባል። ሃያ ሁለቱ ፍጥረታት ከመነሻው የተቈጠሩት ለሰው ካላቸው ቦታ አንጻር ነው። ይህን ዝርዝር ከዘመኑ የሥነ ሕይወት ምደባ ጋር አወዳድሮ ጎደለ ወይም ቀደመ ማለት የጠያቂው ስሕተት ነው።

መጽሐፉንና ሳይንሱን ለማስታረቅ በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ቀኖቹን መለጠጥ ነው፤ አንዱን ቀን ሚሊዮን ዓመት አድርጎ ቅደም ተከተሉን ከሳይንሱ ጋር ማስተካከል። እኔ አልቀበለውም። ዕፅዋት ማክሰኞ፣ ፀሐይ ረቡዕ ናትና ቀኑ ቢለጠጥም ተራው አይገጥምም። ከዚያ የከፋው ደግሞ መጽሐፉ በየጊዜው የሚለዋወጠውን የሳይንስ ግምት እየተከተለ ትርጉሙን እንዲቀይር መገደዱ ነው። «አንድም» እያለ ለአንድ ቃል ብዙ ፍቺ የሚያኖር የአንድምታ ልማድ ያለው ሕዝብ እንዲህ ዓይነት ጭንቀት ውስጥ ሊገባ ባልተገባ ነበር።

ከባዱ ነገር የዘመን ቈጠራው ይመስላል። ባሕረ ሐሳብ ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ይላል፤ 2018 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው። ከ74 ሺህ ጋር እንዴት ይታረቃል? እዚህ ላይ ስሙን ማስተዋል ይገባል። 5500ው ዓመተ ፍዳ ይባላል። ለአዳም ከተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ ጋር የተሳሰረ፣ ቀኑ በሺህ ዓመት የተቈጠረ የመጠበቅ ዘመን ነው። ቈጣሪዎቹ የዓለምን ዕድሜም ቈጠርን እንደሚሉ አልክድም። ነገር ግን የቍጥሩ ልብ ያለው ተስፋው ላይ ነው፤ ድንጋይ ስንት ዓመቱ ነው ለሚል ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አይደለም።

እውነተኛው ፈተና ከቍጥሩ ይልቅ ሞት ላይ ነው፤ ብዙዎቻችንም ሳንነካው እናልፋለን። ከመተማ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ያለችው ጭልጋ በ1996 ዓ.ም. የታወቀላት 27 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የእንስሳት ቅሪት አላት፤ የዝሆን ዘመዶችና አርሲኖይተሪየም የተባለው ባለ ጥንድ ቀንድ ግዙፍ አውሬ ይገኙበታል። ሰው ሳይኖር ሞት ነበረ ማለት ነው። ለዚህ መልስ አለ፤ ጳውሎስ በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 5 በኃጢአት የገባው ሞት ለሰው ሁሉ እንደ ደረሰ ይናገራል እንጂ ስለ ዝሆን አያነሣም። ሽንፋ ላይ ግን ይህ መውጫ ይዘጋል። እዚያ ያሉት ሰዎች ናቸው፤ እንደ እኛው ሰው፤ ያደኑ፣ ሥጋ የበሉ፣ የተራቡ፣ የሞቱም።

እነርሱ የአዳም ልጆች ናቸው ወይስ አይደሉም? አይደሉም ካልን፣ አስቦ ፍላጻ የጠረበውን፣ ድርቁን በጥበብ ያለፈውን ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ነፍስ የሌለው ፍጡር ልናደርገው ነው፤ ይህን ለማለት አልደፍርም። ናቸው ካልን ደግሞ የአዳም ታሪክ ከ5500ው አጥር ወጥቶ ወደ ኋላ ይርቃል፤ ዓመተ ፍዳም እነዚያን ሰዎች ይጨምራል። እኔ ናቸው ባይ ነኝ። የሥነ ፍጥረት መምህራንና የሥነ ቅሪት አጥኚዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ሊከራከሩበት የሚገባው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ክርክሩም በሽንፋ ዳር ኩሬው ሳይደርቅ ዓሣቸውን ከያዙት ሰዎች ቢጀምር እወዳለሁ።