የዶጀርስ ስታዲዮም፤ አሠራሩና መሬቱ

ስለ ሎስ አንጀለሱ የዶጀርስ ቤዝቦል ስታዲዮም ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወደሰው ውበቱ ነው። በዚህ እኛም አንከራከርም። መሐንዲሱ ኤሚል ፕሬገር ሕንፃውን ከሜዳ ላይ ሽቅብ አላቆመውም፤ ኮረብታውን አስቆፍሮ መቀመጫዎቹን በተዳፋቱ ላይ እንደ እርከን ደረደራቸው እንጂ። ስለዚህ ተመልካቹ መኪናውን ከመቀመጫው ፎቅ ትይዩ አቁሞ ብዙ ደረጃ ሳይወጣ ይገባል። እይታውን የሚጋርድበት ምሰሶ የለም፤ ከሜዳው ባሻገርም የሳን ጋብሪኤል ተራሮች ይታዩታል። በ1962 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሲከፈት 56,000 መቀመጫ ነበረው፤ ዋናው ቅርጹም እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ነገር ግን ሕንፃውን ከቆመበት መሬት ለይተን ልንመረምረው አንወድም። ቦታው ቻቬዝ ራቪን ይባላል። ፓሎ ቬርዴ፥ ላ ሎማና ቢሾፕ በሚባሉ ሦስት መንደሮች አብዛኛዎቹ የሜክሲኮ ተወላጆች የሆኑ ቤተ ሰቦች ይኖሩበት ነበር። በ1950 የከተማው የቤቶች ባለሥልጣን የሕዝብ መኖሪያ ሊሠራ ነውና ልቀቁ አላቸው፤ ከአዲሶቹም ቤቶች ቅድሚያ እንደሚያገኙ ተስፋ ሰጣቸው። ንድፉን ያወጡት ሪቻርድ ኖይትራና ሮበርት አሌግዛንደር ነበሩ። በ1953 ኖሪስ ፖልሰን ከንቲባ ሆነው ከተመረጡ በኋላ ዕቅዱ ተሰረዘ። ቤቶቹ አልተሠሩም፤ መሬቱም ለባለቤቶቹ አልተመለሰም። ዋልተር ኦማሌ ቡድናቸውን ከብሩክሊን ባመጡ ጊዜ የመሬቱ ስምምነት በ1958 በሕዝብ ድምፅ በጠባብ ብልጫ ጸደቀ፤ በሜይ ወር 1959 የቀሩት ነዋሪዎች በሕግ አስከባሪዎች እየተጎተቱ ወጡ።

አንዳንዶች፥ ኦማሌ ሳይመጡ መንደሮቹ አብዛኛውን ባዶ ሆነው ነበርና ስታዲዮሙ አይወቀስም ይላሉ። ዘመኑን ስንቆጥር እውነት አላቸው፤ የመጀመሪያው በደል የከተማው ነው። ይሁን እንጂ የንድፉ ዋና ብልኃት የሆነው የኮረብታው መቆረጥ የመንደሮቹን መልክ ጨርሶ አጥፍቶታል፤ የፓሎ ቬርዴ ትምህርት ቤት ሳይቀር በአፈር ተቀብሯል። ስታዲዮሙ ከኮረብታው ጋር ተስማምቶ ተሠራ የሚለውን ምስጋና እንዳለ ለመቀበል የሚያስቸግረን ይኸው ነው።

ሌላው ጉድለት ለ16,000 ያህል መኪናዎች የተዘረጋው ማቆሚያ ነው። ስታዲዮሙን እንደ ባሕር ከቦ ከከተማው ለይቶታል፤ በእግሩ ለሚመጣ ሰው፥ ያውም በሎስ አንጀለስ ፀሐይ፥ ዳገቱ ቀላል አይደለም።