በሰው ኮድ ላይ እጅ ማሳረፍ

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌርን ለሊኑክስ ተጠቃሚ ማሰናዳት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ማሸጉ ነው፤ ማሸጉ ግን ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በተመሠረተው በዴቢያን ሥርጭት፣ ማለትም የሊኑክስን ከርነል ከብዙ ሺህ ፕሮግራሞች ጋር አቀናጅቶ በሚያቀርበው ስብስብ፣ አንድ ፓኬጅ ተፈትቶ ቢታይ ሦስት ነገር ብቻ ይገኝበታል፤ «2.0» የሚል የቅርጽ ቁጥር የያዘ ትንሽ ፋይል፣ የፓኬጁን ስምና ጥገኝነቶቹን፣ ማለትም እንዲሠራ የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፓኬጆች የሚዘረዝር ክፍል፣ እንዲሁም በተጠቃሚው ዲስክ ላይ የሚሰፍሩት ፋይሎች። አቢሲኒካ የተባለው የግዕዝ ፊደል ፎንት የሚታደለው በዚሁ መልክ ሲሆን፣ በፕሮሰሰር የሚሄድ ኮድ ስለሌለው አንዱ ፓኬጅ ለማንኛውም ኮምፒውተር ይበቃል፤ አዘጋጁም ብዙ እንቅልፍ አያጣበትም።

እንቅልፍ የሚነሣው ፓች ነው፤ ይኸውም ደራሲው ባወጣው ምንጭ ኮድ ላይ የፓኬጁ አዘጋጅ የሚያክለው ማስተካከያ ነው። በዴቢያን ልማድ ፓች በየራሱ ፋይል ተቀምጦ ምን እንደሚለውጥና ለምን እንደተጻፈ በራስጌው ይገለጻል፤ ለደራሲው ተልኮ እንደሆነ የሚጠቁም መስመርም አለ፣ «አልተላከም» የምትል መልስ ሲያገኝ ልምድ ያለው መርማሪ እዚያ ላይ ቆም ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የኢንተርኔት ግንኙነትን በምስጢር በሚቆልፈው በኦፕንኤስኤስኤል የዴቢያን ፓኬጅ ላይ፣ የሜሞሪ ስህተት የሚያጣራ መሣሪያ ያሰማውን ማስጠንቀቂያ ዝም ለማሰኘት ሁለት መስመሮች ከሥራ ውጭ ተደረጉ፤ ከሁለቱ አንዷ ግን ለቁልፍ መፍጠሪያው የዘፈቀደ ቁጥር የምትመግበው ነበረች። ጉዳዩ ለደራሲዎቹ ሳይነሣ አልቀረም፤ የተነሣው ግን ስህተት ከማጣራት ጋር ተያይዞ ስለነበር መልሱም ቀለል ብሎ መጣ። ከዚያ በኋላ አንዱን ቁልፍ ከሌላው የሚለየው የፕሮሰሱ መለያ ቁጥር ብቻ ሆነ፤ ይህም ለአንድ ዓይነት ቁልፍ 32,768 ያህል አማራጭ ብቻ ስለሚተው አጥቂ ሁሉንም አስቀድሞ አስልቶ ሊያስቀምጣቸው ይችል ነበር። ይህ ይፋ የወጣው እ.ኤ.አ. በሜይ 2008 ሲሆን፣ ፓኬጁን ማደስ ብቻውን አልበቃም፤ በመካከሉ የተፈጠሩት ቁልፎች ሁሉ ተጥለው በአዲስ መተካት ነበረባቸው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የታየው ሌላ ጉዳይ ተንኮል ያለበት ቢሆንም መንገዱ ያው ፓች ነበር። በመጭመቂያው ላይብረሪ በኤክስዜድ ውስጥ የተሸሸገው የኋላ በር ዒላማው ከሩቅ ወደ ኮምፒውተር የሚገባበት ኦፕንኤስኤስኤች ነበር፤ ይሁንና ይህ ፕሮግራም በራሱ ኤክስዜድን አይነካም። ዴቢያንን ጨምሮ አንዳንድ ሥርጭቶች፣ አገልግሎቱ መነሣቱን የሥርዓቱን አገልግሎቶች ለሚያስነሣው ለሲስተምዲ እንዲያሳውቅ ብለው የሲስተምዲን ላይብረሪ በፓች አያያዙለት፤ ያም ኤክስዜድን ጎትቶ አመጣ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራመር መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ገደማ መዘግየቱን አስተውሎ ምክንያቱን ባይከታተል ኖሮ፣ የኋላ በሩ በሙከራ ላይ ከነበሩት እትሞች አልፎ ወደ ተረጋጉት ሊዘልቅ ይችል ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ በወጣው 9.8 እትም የኦፕንኤስኤስኤች ደራሲዎች ያንኑ ማሳወቂያ ያለ ምንም ተጨማሪ ላይብረሪ ራሳቸው ጻፉት።