7 ሚሊሜትር ፈቀቅ

የጌም ኮምፒውተሩን ፕሮሰሰር ወደ ራይዘን 7 9800ኤክስ3ዲ ያሳደገ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚሄደው ወደ ዲግሪው ነው። ጣሪያው 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ኤኤምዲ በቀደሙት ትውልዶች ከኮሮቹ በላይ ይደርበው የነበረውን ካሽ በዚህኛው ወደ ታች አውርዶ ለሙቀቱ መንገድ ከፍቷል። ቢሆንም ኮሮቹ ያሉበት ቺፕ ከ1 ካሬ ሴንቲሜትር ያነሰ ነው፤ ከዚያች ጠባብ ቦታ ሙቀቱን ተረክቦ ለአየር ማስረከብ የኩለሩ ፈንታ ነው። የኦስትሪያው ኖክቱዋ በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤንኤች-ዲ15 ጂ2 የሚያስደንቀኝ ጥንቃቄው ሁሉ በእነዚህ መረካከቢያዎች ላይ በመዋሉ ነው።

ፕሮሰሰሩን የሚነካው የመዳብ ፊት ዝርግ ይመስላል። ግን ጫናው ቺፑ ላይ እንዲበረታ መሐሉ በጥቂቱ ጎበጥ ተደርጓል። የፕሮሰሰር ክዳን ከሶኬት ሶኬት ስለሚለያይም የጉብታው መጠን በሦስት ዓይነት ይመረታል፤ ለራይዘኑ ሶኬት ለኤኤም5 የሚመከረው አነስተኛው ነው። ዓይን ለማይለየው ልዩነት ሦስት ምርት!

ከዚያ ስምንት ቱቦዎች ይነሳሉ። በውስጣቸው ያለው ጥቂት ፈሳሽ ታች ተንኖ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል፤ ላይ ቀዝቅዞ ሲጤዝ፣ የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስብ፣ የቱቦው የውስጥ ግድግዳ መልሶ ይስበዋል። ስስ የአልሙኒየም ቅጠሎቹ ቱቦው ላይ በግፊት ብቻ አልተሰኩም፤ በስታኞ ተበይደዋል።

የፋኑ ክንፎች ከፍሬሙ የሚርቁት 0.7 ሚሊሜትር ነው። ተራ ፕላስቲክ በሙቀትና በሽክርክሪት ብዛት ከጊዜ በኋላ ስለሚለጠጥ፣ ኩባንያው ስቴሮክስ የሚለውን ግትር ፕላስቲክ ተጠቅሟል። ሁለቱ ፋኖችም ድምፃቸው ተደራርቦ ከፍ ዝቅ እያለ እንዳይረብሽ፣ ሆን ተብሎ በትንሹ በተለያየ ፍጥነት ይሽከረከራሉ።

ከሁሉ የምወደው ግን ማሰሪያው ነው። በራይዘን ውስጥ ዋናው ሙቀት አመንጪ ቺፕ ከክዳኑ መሐል ፈንጠር ብሎ ተቀምጧል። ኖክቱዋም ኩለሩን 7 ሚሊሜትር ወደዚያው የሚያስጠጉ ማሰሪያዎች ሠራ። ትርፉ፣ ኩባንያው እንደሚለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ነው። ትንሽ ነው የሚል ይኖራል፤ እኔ ግን ፋን ሳይፈጥን፣ ኤሌክትሪክ ሳይጨመር፣ ፈቀቅ በማለት ብቻ የተገኘን ዲግሪ ከማንኛውም አስበልጣለሁ። ማሰሪያዎቹ ለብቻቸውም ስለሚሸጡ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤንኤች-ዲ15 ያለው ሰው ፕሮሰሰሩን ሲያሳድግ ኩለሩን መጣል የለበትም፤ ካቻቢቴ ይበቃዋል።