አዳዲ ማርያም፦ ፊት የሌላት ቤተ ክርስቲያን

ኮዬ ፈጬ እኛ ብሎክ አጠገብ ያለው ቤተ ክርስቲያን ገና መቃኞ ነው። ቆርቆሮ በቆርቆሮ። ዝናብ ከጣለ ስብከቱ አይሰማም፤ አፍ ሲንቀሳቀስ ማየት ብቻ ነው። በቅርቡ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው የሚሠራውን ሕንፃ ሥዕል በባነር አሳትሞ ሰቀለ። ሦስት ጉልላት፣ ሰማያዊ መስታወት፣ ከአስፋልቱ የሚታይ ሰፊ ደረጃ። "እንዴት አየኸው ልጄ?" አሉኝ ከኮሚቴው አንዱ አባት። "ያምራል" አልኳቸው። ከአንጀቴ አልነበረም።

በሳምንቱ አዳዲ ማርያም ሄድኩ። በዓለም ገና አድርገው የቡታጅራን መንገድ ይይዛሉ፤ መልካ ቁንጥሬን አለፍ እንዳሉ ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። ከአዲስ አበባ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቦታው ላይ ሲደርሱ ግን ሕንፃ የሚባል ነገር አይታይም። ዛፍ አለ፣ ሣር አለ፣ መሬት አለ። ጠጋ ሲሉ መሬቱ ይከፈታል፤ ቤተ ክርስቲያኗ ከእግርዎ በታች ናት።

የአካባቢው ሰው ንጉሥ ላሊበላ ወደ ዝቋላ በወረደ ጊዜ አሠራት ይላል። ርዝመቷ 20 ሜትር አይሞላም። ከአለቱ ሙሉ በሙሉ አልተላቀቀችም፤ ዙሪያዋን የተፈለፈለ መተላለፊያ ይዞራታል፣ በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ጥንት መነኮሳት የኖሩባቸው ጠባብ ክፍሎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በስዊዘርላንድ ድጋፍ ታድሳለች።

የቱሪስት መጻሕፍት "ከላሊበላዎቹ ጋር ስትነጻጸር ሻካራ ናት" ብለው ያልፏታል። እውነት ነው፣ ሻካራ ናት። መዶሻው ያረፈበት ይታያል፣ ማዕዘኑ ሁሉ እኩል አይደለም። እኔ የማልቀበለው "ስትነጻጸር" የምትለዋን ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ያየ ሰው ያውቃል፦ መሬት ውስጥ ብትሆንም ለዓይን ተሰናድታለች፤ ጣሪያዋ ላይ መስቀል በመስቀል ውስጥ ተቀርጿል፣ ከላይ ሆነህ እያት ትላለች። አዳዲ እንዲህ ያለ ግብዣ የላትም። ፎቶ ላንሳ ብትል ከየት ቆመህ? ፊት የላትም። ያላት ውስጥ ብቻ ነው። ጠራቢው ለመንገደኛ ሳይሆን ለገባ ሰው ነው የሠራው።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። በትንንሾቹ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን ወለሉ ጋ ሳይደርስ ይደክማል። አንድ ካህን ጥግ ላይ ቆመው ዳዊት ይደግሙ ነበር፤ በሹክሹክታ ነው ማለት ይቻላል። ሌላኛው ጥግ ላይ ሆኜ ቃል በቃል ሰማኋቸው። መቃኟችን ትዝ አለኝ።

አውቃለሁ፣ ኮዬ ፈጬ ላይ አለት ይፈልፈል የሚል የለም። የኮንዶሚኒየም ሕዝብ ብዙ ነው፤ አዳዲ የእኛን አንድ ብሎክ ሰው እንኳ በቅጡ አትይዝም። ደግሞ የመቃኞ ብርድ ያንገበገበው ምእመን ጉልላት ቢመኝ አልፈርድበትም፤ እናቴም ከነዚሁ አንዷ ናት፣ ከጡረታዋ ቀንሳ ሰጥታለች። የምፈርደው በሥዕሉ ነው። ባነሩ ላይ ውጪው ብቻ አለ። አሮጊቶች የት ይቀመጣሉ? ድምፅ እንዴት ይሄዳል? ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሰማያዊውን መስታወት ስትመታው ውስጥ ያለው ሰው ምን ይሆናል? አንድም መስመር አልተሰመረለትም።

የሚቀጥለው ስብሰባ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። እኚያን አባት የውስጡን ሥዕል እንዲያሳዩኝ እጠይቃቸዋለሁ።